አንድ ቃል በሁለት መፍቻ፦ የውጫሌ ውል እና የጆርጅ ኬሊ ሥነ ልቡና

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያቀናው አውራ ጎዳና የሐይቅን ከተማ ካለፈ በኋላ በአምባሰል ምድር ውጫሌን ያገኛል። ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የዓለም የዲፕሎማሲ ታሪክ ግን ስሟን የሚያነሣው በአንድ ውል፣ ከውሉም በአንድ አንቀጽ፣ ከአንቀጹም በአንድ ግሥ ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ጋር 20 አንቀጾች ያሉትን ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። የአንቀጽ 17 የአማርኛ ንባብ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» አለ። ኢጣልያንኛው በዚያው ቦታ «ኮንሴንቴ»፣ ማለትም «ተስማምተዋል» የሚል ቃል አኖረ። ለአንዱ ወገን አንቀጹ መብት ነበረ፤ ለሌላው ወገን ግዴታ ሆነ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው የዚያው ውል አንቀጽ 19 ነው። ይህ አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ያረጋግጣል። እንግዲህ ተዋዋዮቹ አለመግባባታቸውን በማኅተም ከማጽናታቸው በፊት መግባባታቸውን በማኅተም አጽንተው ነበር ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ እንደ ታሪክ ጸሐፊ መተረክ አይደለም፤ ያ ሥራ በባለሙያዎቹ ተሠርቷል። የእኛ ጥያቄ የሳይንስ ጥያቄ ነው፦ አንድ ክስተት፣ አንድ ቃል፣ አንድ ሰው ለሁለት ተመልካቾች ሁለት ነገር ሆኖ የሚታየው እንዴት ነው? ልዩነቱንስ መለካት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ በሰፊው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ሥራውን የጀመረው በፊዚክስና በሒሳብ ትምህርት ነበረና፣ የሳይንስ ተማሪዎች አስተሳሰቡን ቢያውቁት ይጠቀማሉ ብለን እናምናለን።

የፊዚክስ ተማሪው ወደ ሥነ ልቡና ሲሻገር

ጆርጅ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1926 በፊዚክስና በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። ከዚያም ወደ ማኅበራዊና ትምህርታዊ ጥናት አዘነበለ፤ በስኮትላንድ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1931 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቡና የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ። ሥራ የጀመረበት ጊዜ ለአሜሪካ ገበሬ የመከራ ዘመን ነበረ። የኢኮኖሚ ድቀት፣ ድርቅና የአቧራ ማዕበል የካንሳስን ሜዳ መትተውት ነበር። ኬሊ ከተማሪዎቹ ጋር እየተዘዋወረ የገጠር ትምህርት ቤቶችን የሚያገለግል የሥነ ልቡና ክሊኒክ አቋቋመ።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። የመጀመሪያው፦ አንድ መምህር «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብሎ ሲያመለክት፣ አቤቱታው ስለ ልጁ ከሚናገረው ያልተናነሰ ስለ መምህሩ ይናገራል። መምህሩ ተማሪዎቹን የሚመድበው «ትጉህ ወይስ ሰነፍ» በሚል ሚዛን ከሆነ፣ የተራበው፣ የፈራው፣ ያልገባውና የሰለቸው ልጅ ሁሉ በአንድ ጎራ ይታጎራል። ሁለተኛው፦ ኬሊ ለችግረኞቹ በጊዜው ከታወቁት የፍሮይድ ትንታኔዎች ይልቅ አንዳንዴ ራሱ የፈጠረውን ለየት ያለ ማብራሪያ ይሰጣቸው ነበር። ማብራሪያው የሚታየውን ነገር እስካብራራና ስለ ነገ የሚጠቁም ነገር እስካለው ድረስ ብዙዎቹ ይሻላቸው ነበር። ከዚህ በመነሣት የረዳቸው የማብራሪያው «እውነተኛነት» ብቻ ሳይሆን፣ ሕይወታቸውን በሌላ መንገድ የሚያዩበት አዲስ ዕድል ማግኘታቸው መሆኑን ጠረጠረ።

ይህ ጥርጣሬ በዓመታት ውስጥ ጎልምሶ እ.ኤ.አ. በ1955 «የግል ኮንስትራክቶች ሥነ ልቡና» በሚል ርዕስ በሁለት ቅጽ ታተመ። ኬሊ በዚያን ጊዜ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበረ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ፣ ይህንኑ ሐሳብ ሲያዳብር ኖሯል።

«መፍቻ» ምንድን ነው?

«ኮንስትራክት» የሚለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ «መፍቻ» ብለነዋል። አማርኛ ይህን ቃል ለብሎን፣ ለቁልፍና ለቋንቋ ይጠቀምበታል፤ የመጀመሪያ ቋንቋችንን «የአፍ መፍቻ» የምንለው በእርሱ ዓለምን መፍታት ስለምንጀምር ነው። የኬሊ መፍቻም ሥራው ይኸው ነው።

የኬሊ መነሻ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ሳይንቲስት ነው። ክስተት ይመለከታል፣ መላ ምት ይመታል፣ ይተነብያል፣ ትንበያውን በኑሮው ይፈትናል፣ ከውጤቱም ተነሥቶ መላ ምቱን ያጸናል ወይም ያሻሽላል። ገበሬው ደመና አይቶ ዘሩን ሲያወጣ፣ ተማሪው የመምህሩን ፊት አይቶ ጥያቄውን ሲውጥ፣ ሁለቱም የሚተነብዩ ናቸው። ስለዚህ ኬሊ የንድፈ ሐሳቡን መሠረት እንዲህ አቆመው፦ ሰው የሚያስበውና የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚጓዘው፣ የሚመጣውን ክስተት አስቀድሞ በሚጠብቅበት ቦይ ነው። ከዚህ መሠረት 11 ተከታይ ሐሳቦችን አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅሙትን ብቻ እንመልከት።

አንደኛ፣ መፍቻ ሁልጊዜ ሁለት ጫፍ አለው። «ደግ» የሚለው ቃል ብቻውን ፍቺ የለውም፤ ተቃራኒው ሲታወቅ ነው ፍቺ የሚያገኘው። ለአንዱ ሰው የደግ ተቃራኒ «ክፉ» ነው፤ ለሌላው «ብልጥ» ነው፤ ለሦስተኛው «ጠንካራ» ነው። ሦስቱም «እገሌ ደግ ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን ሦስት የተለያየ ነገር ተናግረዋል። የኤሌክትሪክ እምቅ አቅምን የተማረ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳል። የአንድ ነጥብ ቮልቴጅ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መፍቻ የሚሠራበት ክልል አለው። «ረጅምና አጭር» ለዛፍና ለሰው ያገለግላል፤ ለሽታ አያገለግልም። የኒውተን ሜካኒክስም ከብርሃን ፍጥነት እጅግ ባነሰ ፍጥነት ለሚጓዙ አካላት በሚገባ ይሠራል፤ ከዚያ ክልል ሲወጣ ግን ይስታል። ኬሊ ጭንቀትን የተረጎመው በዚህ ሐሳብ ነው፦ ሰው የሚጨነቀው የገጠመው ነገር ከመፍቻዎቹ ክልል ውጭ መሆኑን ሲያውቅ ነው። ከገጠር መጥቶ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር ላይ የቆመ አዲስ ተማሪ ይህን ትርጉም ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ክስተት ከአንድ በላይ ፍቺ ሊሰጠው ይችላል። ዓለም አለች፤ እውነተኛም ናት። ነገር ግን እኛ የምናገኛት በመፍቻዎቻችን በኩል ነው፤ መፍቻ ደግሞ ይሻሻላል፣ ይለወጣልም። ማንም ሰው በታሪኩ ታስሮ መቅረት የለበትም የሚለው የኬሊ ተስፋ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ፍቺ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። የተሻለው ፍቺ የተሻለ የሚተነብየው ነው፤ ፈራጁም ክስተቱ ራሱ ነው።

አምስት ድምፆች፣ ሁለት ቅኝት

የአምባሰል ስም ከምድሩ አልፎ ከአራቱ ታላላቅ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ለአንዱ መጠሪያ ሆኗል፤ ሦስቱ ትዝታ፣ ባቲና አንቺሆዬ ናቸው። ይህ ቅኝት ለኬሊ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል።

ትዝታ ማይነር የሚባለውን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። አሁን አንድም ድምፅ ሳንጨምርና ሳንቀንስ፣ ቤታችንን ከዶ አንሥተን ወደ ሶል እናዛውር። ቅደም ተከተሉ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት ይሆናል። በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት በግማሽ ቶን ብንቆጥረው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እናገኛለን። ይህም የአምባሰል ቅኝት ነው። በእርግጥ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች አቃኘቱ ከፒያኖው ጥቂት ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ አጠቃላይ አወቃቀሩ ግን ይኸው ነው።

በፊዚክስ መሣሪያ ብንለካው ሶል በትዝታም ሆነ በአምባሰል ውስጥ 392 ሄርትዝ ያህል ነው። ኦሲሎስኮፑ ልዩነት አያሳይም። አድማጩ ግን ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል፤ ምክንያቱም ጆሮው እያንዳንዱን ድምፅ የሚፈታው «ቤት» ከሆነው ድምፅ አንጻር፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ እየጠበቀ ነው። በአንዱ ቅኝት ማረፊያ የሆነው ድምፅ በሌላው መሸጋገሪያ ይሆናል። የማይለወጠው ድግግሞሹ ነው፤ የተለወጠው የሚጠበቀው ነገር ነው። ኬሊ ስለ ቃላት፣ ስለ ሰዎችና ስለ ክስተቶች ያለው ይህንኑ ነው።

ትንበያ ሲከሽፍ

ሳይንቲስት የሚፈተነው ትንበያው ሲሳካ ሳይሆን ሲከሽፍ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሌ ቬርዬ የዩራነስ ምሕዋር ከስሌቱ ፈቀቅ ማለቱን አይቶ ያልታየ ፕላኔት መኖር አለበት አለ፤ ያለበትንም ቦታ አሰላ። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1846 በርሊን ላይ ጋሌ ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዞረና ኔፕቱንን አገኘው። ቆይቶ የሜርኩሪ ምሕዋርም እንዲሁ ከስሌቱ ፈቀቅ ማለቱ ታወቀ። ልዩነቱ በ100 ዓመት 43 የቅስት ሰከንድ ያህል ነው። ሌ ቬርዬ ያንኑ መፍቻ ደግሞ አወጣው፦ ሌላ ያልታየ ፕላኔት አለ። ስም እንኳን ወጣለት፤ «ቩልካን» ተባለ። አየነው የሚሉም ተነሡ። ቩልካን ግን አልነበረም። የከሸፈው መፍቻው ራሱ ነበረ፤ አዲሱን መፍቻ አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 አመጣው።

ትንበያው የከሸፈበት ሰው ሦስት መንገድ አለው። መፍቻውን ማሻሻል ይችላል፤ ክስተቱን እንደገና አጥርቶ መመልከት ይችላል፤ ወይም ደግሞ ክስተቱ ትንበያውን እንዲያረጋግጥለት ሊያስገድደው ይችላል። ኬሊ «ጠላትነት» የሚለውን ቃል የተረጎመው በዚህ በሦስተኛው መንገድ ነው። ጠላትነት ማለት በሰዎች ላይ የተመሠረተ ትንበያ መክሸፉ ከታየ በኋላ፣ ማስረጃውን በጉልበት ለመውሰድ የሚደረግ የማያቋርጥ ጥረት ነው። ልጁ እንደሚያከብረው የተነበየና ያልተከበረ አባት ዱላ ሲያነሣ፣ የሚፈልገው አክብሮትን አይደለም፤ አክብሮት የመሰለ ማስረጃን ነው።

ወደ ውጫሌ እንመለስ

አሁን አንቀጽ 17ን በዚህ መነጽር እንየው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነበርና ውሉ ሲፈረም ምኒልክ ለንጉሠ ነገሥትነት የሚታጠቁ፣ የውጭ ግንኙነት መሥመር የሚፈልጉ መሪ ነበሩ። ከአንቶኔሊ ጋርም ለዓመታት ተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1883 በሸዋና በኢጣልያ መካከል በተደረገው ውል ውስጥ ደብዳቤዎችን በኢጣልያ ባለሥልጣናት በኩል ስለ መላክ የሚናገር አንቀጽ ነበረ። በዚህ ልምድ ለሚያስብ ሰው «መላላክ ይቻላቸዋል» የሚለው አነጋገር የታወቀ አገልግሎት ነው፤ ተቃራኒውም «አይቻላቸውም» ነው።

በሮም ግን የቃሉ መፍቻ ሌላ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1885 የተፈረመው የበርሊን ስምምነት አንቀጽ 34 የአውሮፓ መንግሥታት በአፍሪካ ጠረፍ የያዙትን ግዛትም ሆነ ጥበቃ ለሌሎቹ እንዲያሳውቁ ያዛል። በዚህ ሚዛን አገሮች የሚፈቱት «ጠባቂ ወይስ ተጠባቂ» በሚል ጫፍ ነው። የፍራንቼስኮ ክሪስፒ መንግሥት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1889 አንቀጽ 17ን ጠቅሶ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር መዋሏን ለኃያላኑ አስታወቀ። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ በጻፉ ጊዜ እንግሊዝና ጀርመን መልእክቱ በኢጣልያ በኩል መምጣት እንደነበረበት መለሱላቸው። ትንበያው ከክስተት ጋር የተጋጨው በዚህ ጊዜ ነው።

ምኒልክ ክስተቱን እንደገና መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ለንጉሥ ኡምቤርቶ በጻፉት ደብዳቤ የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት ገለጡ፤ ማስተካከያም ጠየቁ። አንቶኔሊ ተመልሶ መጣ። እቴጌ ጣይቱም በዚህ ክርክር ውስጥ ጽኑ አቋም እንደያዙ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ላይ የተፈረመው አዲስ ጽሑፍ በአማርኛው አንቀጹን የሚሰርዝ ሆኖ ሲገኝ አንቶኔሊ ያንን አልጠበቀም ነበርና ድርድሩ በቁጣ ተቋረጠ። በ1885 ዓ.ም. የካቲት ምኒልክ ውሉን መተዋቸውን ለኃያላኑ አስታወቁ። ኢጣልያ በበኩሏ ትንበያዋን አላሻሻለችም፤ ማስረጃውን በመድፍ ለመውሰድ ተነሣች። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ መልሱን አገኘች። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለ። በሁለቱ ውሎች መካከል ባሉት ዓመታት የወደቀውን የሰው ብዛት ስናስብ፣ ፍቺ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ያለመግባባት ነበርን ወይስ ማታለል? በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰንና ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ አንቀጽ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ሩበንሰን ጥፋቱን በአንቶኔሊ ላይ ሲያደርግ ጂሊዮ አልተቀበለውም። ሁለት ምሁራን በአንድ የሰነድ ክምችት ላይ ሁለት ፍቺ መያዛቸው ራሱ ለኬሊ ሐሳብ ምሳሌ ነው። ይሁንና የኬሊ ንድፈ ሐሳብ ለማታለል ይቅርታ አይሰጥም። እንዲያውም የሚያታልል ሰው የሚያታልለውን ሰው መፍቻ በሚገባ ማወቅ አለበት። በተጨማሪም ንድፈ ሐሳቡ የተቀረጸው ለግለሰብ እንጂ ለመንግሥት አይደለም፤ የቅኝ ግዛት ምኞት የራሱ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ምክንያቶች አሉት። ሥነ ልቡናው የሚያሳየን ያ ምኞት በአንድ ግሥ ውስጥ እንዴት ሊደበቅ እንደቻለ ነው።

ኬሊ በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ይለያል። አንዱ የመፍቻ መመሳሰል ነው፤ ሁለት ሰዎች ነገሮችን በተመሳሳይ መንገድ ሲፈቱ ጠባያቸው ይመሳሰላል። ሌላው የሌላውን ሰው መፍቻ መፍታት ነው። አብሮ ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። ከጎረቤታችን ጋር አንድ ዓይነት ሐሳብ ሳይኖረን አብረን ልንኖር እንችላለን፤ እርሱ ነገሩን እንዴት እንደሚያየው ሳናውቅ ግን አንችልም። ሰምና ወርቅን ያስተማረ ባህል ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ሰው ቃሉን ሰምቷል፣ ተናጋሪውን ግን አልሰማም።

መፍቻን የሚለካ ሰንጠረዥ

የኬሊ ሥራ ለሳይንስ ተማሪ የሚማርከው መለኪያም ስላለው ነው። መሣሪያው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል።

በመጀመሪያ በሕይወቱ ቦታ ያላቸውን 9 ሰዎች ይጻፍ፦ እናት፣ አባት፣ የሚወደው መምህር፣ የሚፈራው መምህር፣ የቅርብ ጓደኛ፣ የማይግባባው ሰው፣ የሚያደንቀው ሰው፣ ወንድም ወይም እኅት፣ በመጨረሻም ራሱ። ከእነዚህ ሦስት ሦስቱን እየወሰደ ይጠይቅ፦ ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ? ከሦስተኛውስ በምን ይለያሉ? መልሱ አንድ መፍቻ ነው፤ መመሳሰሉ አንዱ ጫፍ፣ ልዩነቱ ሌላው ጫፍ ነው። ከ9 ሰዎች 84 ልዩ ልዩ ሦስትዮሽ ይወጣል፤ 10 ያህሉ ግን ይበቃሉ። ከዚያም መፍቻዎቹን በአግድም ረድፍ፣ ሰዎቹን በቋሚ ዓምድ አድርጎ እያንዳንዱ ሰው በየትኛው ጫፍ እንደሚወድቅ በ1 እና በ0 ይሙላ።

አሁን ሒሳቡ ይጀምራል። ሁለት ረድፎችን ጎን ለጎን አድርጎ ስንት ቦታ እንደሚመሳሰሉ ይቁጠር። በ9ኙም ቦታ ከተመሳሰሉ፣ ለምሳሌ «ጎበዝ» ያለው ሁሉ «ከሀብታም ቤት የመጣ» ከሆነ፣ ሁለቱ መፍቻዎች ለእርሱ አንድ ናቸው። አንድም ቦታ ካልተመሳሰሉም እንዲሁ አንድ ናቸው፤ ጫፎቻቸው ብቻ ተገላብጠዋል። ግንኙነት የሌላቸው 4 ወይም 5 ቦታ ላይ የሚመሳሰሉት ናቸው። በመርሕ ደረጃ 10 መፍቻዎች ሰዎችን በ1024 ልዩ ልዩ ክፍሎች ሊለዩ ይችላሉ። ረድፎቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ ግን ባለቤቱ 10 ቃል እየተናገረ በአንድ መፍቻ ብቻ ይኖራል፤ ለእርሱ ዓለም ሁለት ክፍል ብቻ ናት። የኬሊ ተማሪ የነበረው ጄምስ ቢየሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ይህን ስፋትና ጥበት አጥንቶ፣ መፍቻቸው የበዛና የተለያየ ሰዎች የሌሎችን ጠባይ በተሻለ የመተንበይ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል።

ሰንጠረዡ ከዚህም አልፎ ለሁለት ሰዎች ያገለግላል። አንዱ የሞላውን ባዶ አድርጎ ለጓደኛው ይሰጠዋል፤ ጓደኛው የራሱን ሐሳብ ሳይሆን «እርሱ እንዴት ይሞላው ነበር?» ብሎ ይሞላዋል። ሁለቱ ወረቀቶች ሲተያዩ የመግባባት መጠን በቁጥር ይወጣል። በአንድ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ፣ በአንድ ማደሪያ ክፍል የሚኖሩ፣ በቋንቋና በሃይማኖት የሚለያዩ ተማሪዎች ይህን ቢሞክሩ ብዙ ይማራሉ። በ1881 ዓ.ም. ተዋዋዮቹን «ተቃራኒው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አንቀጽ 17 በዚያ መልኩ ባልታተመ ነበር። «ይቻላቸዋል» ካልሆነ ምን ይሆናል? የሚለው አንድ ጥያቄ ልዩነቱን ያወጣው ነበር።

ንድፈ ሐሳቡ ያልመለሳቸው

ማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የሚሠራበት ክልል አለው፤ የኬሊም እንዲሁ። ጀሮም ብሩነር እ.ኤ.አ. በ1956 መጽሐፉን ሲገመግም ታላቅነቱን መስክሮ፣ የሰውን ስሜትና ፍትወት በበቂ ሁኔታ አያስተናግድም ሲል ተችቷል። ሰው ሁሉ ሳይንቲስት ነው ማለት፣ ሰው ሁሉ ተረጋግቶ ያስባል ማለት ሊመስል ይችላል። ረሀብና ግፍም በፍቺ ብቻ አይወገዱም። ኬሊ ራሱ ንድፈ ሐሳቡ አንድ ቀን በተሻለ እንደሚተካ ይጠብቅ ነበር፤ አለዚያ የራሱን መርሕ በጣሰ ነበር።

ሐሳቡ በአሜሪካ ቀስ ብሎ ሲራመድ በእንግሊዝ ዶን ባኒስተርና ፌይ ፍራንሴላ አስፋፉት። እ.ኤ.አ. በ1975 በኔብራስካ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ተመራማሪዎቹ ቁጥራቸው ጥቂት፣ መኖሪያቸውም በየአህጉሩ የተበታተነ ነበርና፣ ሐሳባቸው የቆየው በማያቋርጥ ውይይት ነው። በውይይታቸውም ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ትክክለኛው ማን ነው?» ሳይሆን «ነገሩን እንዴት ብታየው ነው ይህ የተገለጠልህ?» የሚለው ነው። ይህ ልማድ ለማንኛውም የምርምር ማኅበር ጠቃሚ ነው።

ለተማሪው ምን ይጠቅማል?

በየመማሪያ ክፍሉ «ፊዚክስ ለእኔ አልተፈጠረም» የሚል ተማሪ አለ። በኬሊ ዓይን ይህ የማንነት መግለጫ አይደለም፤ መላ ምት ነው። ተማሪው ራሱን «የሚገባው ወይስ የማይገባው» በሚል አንድ መፍቻ ፈትቶታል። ከዚያ በኋላ ያነሰ ውጤት ሁሉ ማረጋገጫ ይሆንለታል፤ የተሻለው ውጤት ደግሞ «ዕድል» ይባላል። ቩልካንን አየነው እንዳሉት ሰዎች፣ የጠበቀውን እያየ ይሄዳል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ምክር «አይዞህ» ብቻ አይደለም፤ ሌላ መፍቻ ነው። «ሥዕል ስሥልለት የሚገባኝና በቀመር ብቻ ሲመጣ የማይገባኝ» ብሎ ቢከፍለው ጥያቄው ሊፈተን የሚችል ይሆናል፤ ነገ ምን ማድረግ እንዳለበትም ይጠቁመዋል።

መምህሩም ከዚህ አያመልጥም። የሚወረወር ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ «የእጁ ኃይል አብሮት አለ» የሚል ተማሪ ባዶ ጭንቅላት ይዞ አልመጣም። ኃይልን ከእንቅስቃሴ ጋር የሚያያይዝ፣ ጋሪ በመግፋትና ውኃ በመሸከም የተፈተነ መፍቻ አለው። ያ መፍቻ ካልተጠየቀና ከክስተት ጋር ካልተጋፈጠ፣ የኒውተን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ኒውተን በተማሪው ደብተር ይጻፋል፤ የድሮው መፍቻ ግን በልቡ ይነግሣል። እንዲህ ያለ ትምህርት አንቀጽ 19ን ይመስላል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም ይስማማሉ ተብሎ ይፈረማል፣ የሚስማሙ ግን አይደሉም።

ስለዚህ ወጣት አንባቢያን በክርክር፣ በጥናትና በሽምግልና ሦስት ጥያቄዎችን ልማድ ቢያደርጉ እንመክራለን። ይህን ቃል የሚለው ሰው ተቃራኒው ምን እንደሆነ ያስባል? ይህ መፍቻ የሚሠራው እስከ የት ድረስ ነው? ትንበያዬ የከሸፈ እንደሆነ ምን ባይ ነው ሐሳቤን የምለውጠው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው፣ የያዘው ነገር ሳይንስም ቢሆን ፖለቲካ፣ ማስረጃን በጉልበት ወደ መውሰድ ያዘነብላል።

ውሉ የተፈረመበት ሥፍራ ስም «ንጉሥ ይስማ» እንደ ማለት ነው። መስማት ግን ቃሉን መስማት ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉ በሌላው ሰው ዘንድ የሚፈታበትን መንገድ መስማት ጭምር ነው። ይህን የሚችል ትውልድ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል።